ለሰኞ የተላለፈ ለቅሶ

ሐሙስ፣ ግንቦት 11 ቀን 2081 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ታላቅ እህቴ ፌቨን መኪና ውስጥ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ እንዳስደገፈች አረፈች። ሰዓቱን የነገረኝ መኪናው ነው። «ሦስት ሰዓት ከሃያ። ሆስፒታል ለመድረስ ዘጠኝ ደቂቃ ይቀራል» አለ። ቀጥሎ መስኮት ይከፈት እንደሆነ ጠየቀን። መልስ ስላልሰጠሁት ራሱ ከፈተው።

ያን ጠዋት ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ቃልዬ፣ እጄ ደነዘዘ» አለችኝ። ዞር ስል አፏ ተጣሟል። ጤና ጣቢያው ከደጃችን በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ ከመጋቢት 1 ቀን ጀምሮ ግን ለሙከራ ተብሎ ተዘግቶ ነበር። መኪናው በተዘጋው በሩ በኩል አልፎ ወደ ታች ከተማ ይዞን ወረደ።

ጤና ጣቢያው ለዘለቄታው ይዘጋ ወይስ ይከፈት የሚለውን የወይራ አምባ ሰፈር ነዋሪ እሁድ ግንቦት 14 በድምፅ ሊወስን ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ይከፈት ብለው ቤት ለቤት ከሚዞሩት ሰዎች ዋናዋ እትዬ ፌቨን ነበረች።

ድምፅ የሚሰጥበት ሳምንት በኛ ሰፈር ጸጥ ያለ ሳምንት ነው። አስተማሪዎች ፈተና አይሰጡም። ባልና ሚስት የቆየ ጠባቸውን ለሰኞ ያቆዩታል። ኳስ ጨዋታ አይተላለፍም። ቅዳሜ ቀበሌው በሶና ሙዝ ያድላል፤ የራበው ሰው ድምፅ አይረጋምና። ሰው ሲገናኝ «ረግታችሁ አደራችሁ?» ይባባላል። እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ፤ ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ሳምንት ነው። መቀስ ጆሮ አጠገብ ቀጭ ቀጭ ሲል ልብ ይረጋል ስለሚባል እስከ ቅዳሜ ማታ ወንበሬ አይበርድም።

እሁድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ውስጥ መዳፍህን የልብን መርጋት በሚለካው ሰሌዳ ላይ ታስቀምጣለህ። አረንጓዴ ከበራ ድምፅህ ያን ቀን ይቆጠራል። ቢጫ ከበራም ድምፅህን ትሰጣለህ፤ የሚከፈተው ግን ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ውሳኔው ተወስኗል። የተናደደ፣ የፈራ፣ የራበው፣ ያዘነ ሰው ቢጫ ነው። የቅርብ ዘመድ የሞተበትማ መዳፉን ማስቀመጥም አያስፈልገውም፤ ስሙ መዝገቡ ላይ ቢጫ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ይህን ሕግ ክፉ ሰዎች አላወጡትም። በ2063 ገበያው በተቃጠለ ማግሥት ከተማው በሙሉ ወጥቶ «ያቃጠሉት ተሸካሚዎቹ ናቸው፤ ከመንደራቸው ይነሡ» ብሎ ድምፅ ሰጠ። መቶ አርባ አባወራ በክረምት ተነሣ። በሦስተኛው ወር እሳቱ ከኤሌክትሪክ ሽቦ እንደተነሣ ታወቀ። እትዬም ያን ጊዜ «ይነሡ» ካሉት አንዷ ነበረች። የረጋ ድምፅ ሕግ ሲመጣ ከፊት ሆና በየቤቱ እየዞረች ያስረዳችው ከዚያ ኀፍረት የተነሣ ነው። «ቃልዬ፣ ሰው ሲናደድ ራሱን አይደለም፤ የማላውቃት ሴት በኔ እጅ መረጠች» ትለኝ ነበር።

በኋላ ግን ጥያቄ ጀመራት። ጤና ጣቢያው በተዘጋ ሰሞን በተደረገ ስብሰባ ተነሥታ እንዲህ አለች፦ «የጠገበ ሰው ስለ ረሃብ የረጋ ሐሳብ አለው። ታዲያ ስለ ረሃብ የምንጠይቀው እሱን ብቻ ነው?» አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፈ።

ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ያብስራ መጡ። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ የዛሬ ልጆች የጥንት ስም ስለሚወጣላቸው ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ያብስራ ሲባል ይስቃሉ። ጋሽ ያብስራ ግን ከነስማቸው ይከበራሉ። ገቡና አልተቀመጡም። ቆባቸውን በእጃቸው ያሽከረክሩታል።

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ።»

«ያጽናን፣ ጋሼ። ይቀመጡ እንጂ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። እንትን ነው... እሁድ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ድንኳን ከጣልን ስድስት መቶ ሰው ያለቅሳል። ታውቃለህ ሰዋችንን፤ ለፌቨን ሲያለቅስ የራሱን ሟች አንሥቶ ያለቅሳል። ስድስት መቶ ቢጫ ማለት ነው። ከዚያ የሕንፃዎቹ ሰዎች ብቻቸውን ይወስናሉ።»

የሕንፃዎቹ ሰዎች የሚባሉት ከሰፈሩ በላይ በተሠሩት አዲስ ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖሩት ናቸው። እድር የላቸውም። ሐኪም በግድግዳቸው ስክሪን ላይ ይመጣላቸዋል፤ ጤና ጣቢያው ለእነሱ የመኪና ማቆሚያ ቢሆን የሚሻል ቦታ ነው። ከኛ በቁጥር ያንሳሉ።

«ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

«ለቅሶው ለሰኞ ይተላለፍ። ቀብሩ በቤተሰብ። እስከ እሁድ ማንም ደጅህን አይረግጥ፣ ማንም ስሟን አያንሣ። ሰኞ እንደ ልባችን እናለቅሳለን።» ድምፃቸው ሰለለ። «እኔ በሃምሳ ዓመት አንድ ጊዜ ለቅሶ አትድረሱ ብዬ አላውቅም። አንተ ካልፈቀድክ አልልም።»

«እኔ? ሐዘንተኛ ነኝ እኮ፣ ጋሼ። ሕጉ የኔን ውሳኔ አያምንም።»

«ሕጉ ስለ ድምፅ ነው። ስለ ድንኳን ያለው ነገር የለም።»

እትዬ ብትሆን ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ። ጤና ጣቢያው ይከፈት ትል ነበር። ከዚያ ሌላ መልስ አልመጣልኝም። «ይተላለፍ» አልኩ። ጋሽ ያብስራ ግንባሬን ስመውኝ ወጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ቆባቸውን ደፍተው፣ ቀና ብለው ሄዱ።

በዚያችው ሰዓት እድሩ በየሰዉ እጅ አንጓ ላይ ወደታሰረው ስልክ የላከው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሮ ፌቨን አርፈዋል። ቀብር በቤተሰብ ብቻ። ለቅሶ ሰኞ። እባካችሁ ርጉ።»

ዓርብ ጠዋት ዘጠኝ ሰው ሆነን ቀበርናት። አፈሩ ሲወርድ ማንም ደረቱን አልመታም። ቄሱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ ዙሪያቸውን አዩ፤ ሕዝቡ መንገድ ላይ የቀረ መስሏቸው ትንሽ ጠበቁ።

አንድ ሰው ብቻ እምቢ አለ። እማማ ብሩክታዊት ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ የእናታችን ጓደኛ ነበሩ። መልእክቱ እንደደረሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና በረንዳዬ ላይ ቁጭ አሉ።

«ለቅሶ ይተላለፋል? ሰርግ መሰላችሁ?»

ጋሽ ያብስራ ሮጠው መጡ። «እማማ፣ ይለመኑኝ። እንዲህ ካለቀሱ ድምፅዎን ያጣሉ።»

«ድምፄማ ይኸው፣ እስከ ሕንፃው ይሰማል!»

«ስለ እሁዱ ነው የምልዎት።»

«ስለ እሁዱ እሁድ ንገረኝ። አንተ ልጅ፣ እናትህ የሞተች ለት ሦስት ቀን ተንከባልለህ በአራተኛው ቀን ፍርድ ቤት ቆመህ ርስትህን አላስመለስክም? ማን አረጋህ ያን ጊዜ?»

ጋሽ ያብስራ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። እማማ ሐሙስ እስኪመሽ ቆዩ፤ ዓርብና ቅዳሜም በረንዳው ላይ ጠዋት ገብተው ሲመሽ ይወጣሉ። ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ ያወርዳሉ፦

«ሐኪሙ ጎረቤት፣ በሩ ፊት ለፊቷ፣
ምነው በሰው መንገድ፣ መኪና ላይ ሞቷ።»

ጎረቤቶች ሐዘኑ እንዳይጋባባቸው መስኮታቸውን ዘጉ። በግንቦት ሙቀት። እኔ ከውስጥ ሆኜ ውሃ ሳፈላ፣ ስደፋ፣ እንደገና ሳፈላ ዋልኩ።

ቅዳሜ ሱቄን ከፈትኩ። ለቅሶ ከሌለ ሐዘንተኛ የለም፤ ሐዘንተኛ ከሌለ ሱቅ የሚዘጋበት ምክንያት የለም። ሰውም ፀጉሩን መቆረጥ ነበረበት። መጀመሪያ የተቀመጡት ጡረተኛው አቶ ናሆም ናቸው። እትዬ ወደ ጤና ጣቢያው ታመላልሳቸው የነበሩ፣ እግራቸውን ስኳር የያዛቸው ሰው።

«ረግተዋል፣ አቶ ናሆም?»

«እንደ እርጎ። አትነቅንቀኝ ብቻ።»

ከኋላ የሚጠብቁት ሳቁ። ሳቁ ከሚገባው በላይ ረዘመ።

«ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ» አሉ አቶ ናሆም።

«ዘገየ።»

«ለዘር መድረሱን እንጃ።»

«ይደርሳል።»

መስታወቱ ውስጥ ዓይናችን ተገናኘ። ዓይናቸው ሞላ። «እሷ እኮ...» አሉ።

«አገጭዎን ቀና ያድርጉልኝ።»

ቀና አደረጉ። መቀሱን አስቀምጬ ማበጠሪያውን ያዝኩ። ያን ቀን ሠላሳ አንድ ራስ ቆርጬአለሁ። አንድ ሰው «አይዞህ» አላለኝም። ሁሉም ስለ ዝናብ አወራ። አንዱ ሲወጣ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና ትኩስ ነገር የነካ ይመስል ቶሎ አነሣ። ከሱቄ ወደ ቤቴ ስመለስ ሰው መንገድ እየቀየረ ያልፈኝ ነበር። እንደማይጠላኝ አውቃለሁ። ፊቴን ካየ እንደማይችል ስላወቀ ነው።

እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሶ ነበር። ሁሉም በሶውን ጠጥቷል፣ ሙዙን በልቷል፣ የክት ልብሱን ለብሷል። ፊቱ እንደተተኮሰ ሸሚዝ ነው። የኔ ስም በመዝገቡ ቢጫ ስለሆነ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አስፈጻሚዋ ወይዘሪት ደብሪቱ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ለሁሉም ሰው «እንደምን አደሩ» የምትል ጨዋ ልጅ ናት።

ጋሽ ያብስራ አንደኛ ሆነው መዳፋቸውን አስቀመጡ። ቢጫ በራ።

«ተሳስቷል» አሉ። «ድገሚልኝ።»

«አንድ ጊዜ ነው የሚፈቀደው፣ ጋሼ። ድምፅዎን ይስጡ፤ ይቆያል እንጂ አይጠፋም።»

«ልጄ፣ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣሁም!»

«ይገባኛል፣ ጋሼ።»

ቀጥሎ ሚስታቸው፤ ቢጫ። አቶ ናሆም፤ ቢጫ። አሥረኛው፣ ሃያኛው፣ ሠላሳኛው ሰው። በመካከሉ ከሕንፃዎቹ አንድ ወጣት ከነሚስቱ መጣና ልጁን አቅፎ መዳፉን አስቀመጠ፤ አረንጓዴ። «አመሰግናለሁ» ብሎ መርጦ ሄደ። ከኋላው ያለችው የኛዋ ሴት መዳፏን ከማስቀመጧ በፊት በቀሚሷ ደጋግማ ጠረገችው። ቢጫ። ሰልፉ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሣ፤ ከዚያ መደናገጥ፤ መደናገጡ ደግሞ የባሰ ቢጫ ሆነ።

ወደ አራት ሰዓት ግድም እማማ ብሩክታዊት መጡ። ዓይናቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ድምፃቸው ተዘግቷል፣ እያዛጉ ነው የሚራመዱት። አንዱ ከሰልፉ «እማማማ ቀይ ነው የሚበራላቸው!» አለ። የሳቀለት የለም። እማማ መዳፋቸውን አስቀመጡ።

አረንጓዴ በራ።

እማማ ብርሃኑን አላዩትም፤ «የቱ ጋ ነው የምነካው፣ ልጄ?» አሉና «ይከፈት» የሚለውን ነክተው ወደ ቤታቸው ሊተኙ ሄዱ።

ማታ ውጤቱ ተለጠፈ። ያን ቀን የተቆጠሩ ድምፆች አራት መቶ ሁለት፤ ይዘጋ ሦስት መቶ ሰባ አንድ፣ ይከፈት ሠላሳ አንድ። የቆዩ ድምፆች ስድስት መቶ አሥራ ስምንት።

ወይዘሪት ደብሪቱ ሰሌዳዎቹን ስትሰበስብ ቀርቤ ጠየቅኋት። «ያለቀሱት እማማ አረንጓዴ፣ ያላለቀስነው ቢጫ። እንዴት ነው ነገሩ?»

ገመዱን እየጠቀለለች ትንሽ አሰበች። «መለኪያው ሐዘን አያይም፣ ጋሽ ቃለአብ። እኛ ነን ሐዘን የምንለው። የሚያየው ሰው ከራሱ ጋር እየታገለ መሆኑን ነው። እሳቸው ትግላቸውን ጨርሰው ነው የመጡት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሠልስት ዛሬ አልነበረም?» አለችኝ።

ነበር። ዓርብ ተቀብራለች፤ እሁድ ሠልስቷ ነው። አባቶቻችን ለሐዘን ሦስት ቀን የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰዉ ሦስት ቀን ይጮኻል፣ ይንከባለላል፣ ጎረቤት ውሃ ያጠጣዋል፣ በሦስተኛው ቀን ፊቱን ታጥቦ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሐሙስ ድንኳን ጥለን ቢሆን ኖሮ እሁድ ደክሞን፣ ቀልተን፣ ረግተን እንሄድ ነበር። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። የረሳነው በሕግ የረጋ ሰው ምን እንደሚመስል ስንጠይቅ ነው። የማያለቅስ ሰው መሰለን። «ይተላለፍ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ጋሽ ያብስራ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ለመውሰድ ብዙ ጊዜ ሞክረዋል፤ አልሰጠኋቸውም።

ሰኞ ድንኳኑ ተጣለ። መንገዱን ግማሹን ዘጋው። ከየቤቱ ወንበር ወጣ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ሰው ገና ከጥግ ሳይደርስ ይጮህ ጀመር። አቶ ናሆም ምርኩዛቸውን ጥለው መሬት ላይ ተቀመጡና «እግሬ፣ እግሬ፣ እግሬ ሞተች» እያሉ አለቀሱ። ለእትዬ ይሁን ለጤና ጣቢያው መለየት አይቻልም ነበር፤ የለየም የለም። እኔም አለቀስኩ። እማማ ብሩክታዊት ጎኔ ቁጭ ብለው፣ ደረቅ ዓይናቸውን እያሻሹ፣ ጀርባዬን ሲመቱኝ ዋሉ። «በል አውጣ። በል። ገና ነህ» ይሉኛል።

ደብሪቱ ከሥራ መልስ መጣች፤ ሰሌዳ አልያዘችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ወደ ማታ ከሕንፃዎቹ አንድ ሰው ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ። እሁድ ልጁን አቅፎ ያየሁት ወጣት ነው። መግባት ይፈቀድ እንደሆነ አላወቀም። ጋሽ ያብስራ እጁን ይዘው አስገቡትና ከኔ አጠገብ አስቀመጡት።

«መንገዱ ተዘግቶ ነው... ማን ሞተ ብዬ ጠየቅሁ» አለኝ። «እህትዎ ናቸው አሉኝ። ሐሙስ መንገድ ላይ እንደሆነም ነገሩኝ። ወደ ሆስፒታል ሲወርዱ።»

«አዎ።»

«ከሐሙስ እስከ እሁድ በዚህ ሰፈር ሰው መሞቱን አልሰማሁም። አንዲት አሮጊት ሲጮኹ ሰምቼ ለባለቤቴ ምን ሆነው ነው ብያታለሁ። ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። ጸጥ ሲል ደኅና መሰለኝ።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያቸው ነበር። «እኔ ይዘጋ ነው ያልኩት። ሁለት ወር ተኩል ተዘግቶ ማንም አልተጎዳም ብለን... ድንኳኑን ሐሙስ ባየው ኖሮ፣ ጋሼ፣ እጠይቅ ነበር።»

«ትጠይቅ ነበር» አልኩት። አምኜው ነው ያልኩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አንተ ምን አጠፋህ? የደበቅናት እኛ ነን።»

ንፍሮ ሰጡት። በእፍኙ ይዞ፣ እንዴት እንደሚበላ የሌላውን ሰው እያየ በላ። እስኪመሽ አብሮን ተቀመጠ። ማክሰኞ ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፉ፤ ድምፃችንን እንደገና እንስጥ የሚል ነው። መልሱ በትሕትና የተጻፈ ነበር፦ በጸጸት የተሰጠ ድምፅም የረጋ ድምፅ እንዳልሆነ ይገልጻል።

የቆዩት ድምፆች በሕጉ መሠረት ግንቦት 25 ቀን ተከፈቱ። ይከፈት፣ ስድስት መቶ ሰባት፤ ይዘጋ፣ አሥራ አንድ። ውጤቱ ለመዝገብ ተይዟል። የጤና ጣቢያው አልጋዎች ግንቦት 23 ቀን በሁለት መኪና ተጭነው ወደ ታች ከተማ ወርደው ነበር።